በመጋዘኑ ደፍ ላይ የተነጠፈው ሻሽ

ሰውየው ከመድረሱ በፊት ሽቶው ይደርሳል። የቆቦ ሰውም ስሙን ለማወቅ ሳይደክም «ሽቶው» ብሎ ሰየመውና ተገላገለ። በ፲፱፻፷፮ ዓ.ም. ኅዳር ላይ የረሃብተኛው መጠለያ ሹም ሆኖ ከደሴ የተላከ ነው። ሽቶ የተነከረ መሐረብ ከኮቱ ኪስ አይጠፋም፤ የራበው ሰው በቀረበው ቁጥር አፍንጫው ላይ ይለጥፈዋል። ጠዋት ጠዋት ላንድሮቨሩ ውስጥ ተቀምጦ የተቀቀለ እንቁላል ይልጥና ቅርፊቱን በመስኮት ይጥላል። አምና በሬ ጠምደው፣ ማሽላ አፍሰው፣ እንግዳ ያበሉ የነበሩ አባወራዎች ያንን ቅርፊት ከአቧራ ላይ ለቅመው ሲያኝኩ ያያል። አይቶም፣ «እነዚህ ሰዎች ንጽሕና የሚባል አልፈጠረባቸውም» ይላል። ከሮቢት፣ ከዋጃ፣ ከዞብል ግርጌ ነፍሱን ይዞ ለመጣው ሕዝብ መንግሥት የላከለት ደራሽ ይኸው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ኡሙሃኒ ለሕፃናቱ የሚታደለውን የወተት ዱቄት በበርሜል ታማስል ነበር። የአቡጀዲና የሻሽ ነጋዴው የሙሀመድሰይድ ልጅ ናት። አባቷ ለገበያ እንኳ ብቻዋን የማይለቃት ሰው፣ ረሃቡን ሲያይ ጊዜ «ሂጂ፣ ይህም ሰደቃ ነው» ብሎ ወደ መጠለያው ልኳታል። የምታማስልበት እንጨት ድንገት እጇ ላይ የቆመው፣ ተስፋይ ባዶ ሳጥን ላይ ወጥቶ ወረቀት ሲዘረጋ ነው። ተስፋይ የመጋዘኑ ጸሐፊ ነው፤ የስንዴው ቁልፍ የሚውለው በእሱ ኪስ ነው። ለኡሙሃኒ ደግሞ ከዚያም በላይ ነው።

«ከነገ ጀምሮ» ብሎ አነበበ ተስፋይ፣ «በዚህ ግቢ ውስጥ ማንኛዋም ሴት ራሷን ተከናንባ መገኘት ተከልክሏል። ሻሽና ክንብንብ፣ እንዲሁም ክታብና የሙስበሃ መቁጠሪያ በር ላይ ይወለቃል። ተከናንባ ለተገኘች እርዳታ አይሰፈርላትም።»

ረሃብ ለማጉረምረም እንኳ ጉልበት ይነሳል።

«ይህ የመንግሥት ግቢ ነው» ሲል ሽቶው ከመሐረቡ ጀርባ ጨመረበት። «ነገ ኮሚቴ ከነፎቶ አንሺው ከአዲስ አበባ ይመጣል። ሀገራችን በፎቶግራፍ ላይ ተጀቡና እንድትታይ አንፈልግም። ቅማሉም የሚራባው እዚያው ጨርቃችሁ ውስጥ ነው። ሃይማኖታችሁን ከነመከናነቢያው እቤታችሁ አስቀምጡት!»

ቤት! ቤት ቢኖራቸው እዚያ ምን አመጣቸው?

ኡሙሃኒ የተስፋይን ዓይን ፈለገች። ያ ዓይን ሁልጊዜ ከሕዝብ መሃል ለቅሞ ያገኛት ነበር። ዛሬ ግን ወረቀቱ ላይ ተተክሎ ቀረ፤ ንባቡ ካለቀም በኋላ ከዚያ አልተነሳም። «አፍሮ ነው» ብላ ራሷን አጽናናች፤ መጽናናቱ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

* * *

ተስፋይ ከደቡብ ትግራይ መጥተው ቆቦ ከከተሙ ሰዎች የተወለደ ነው። እናቱ ለተ ብርሃን በርበሬ ነጋዴ ናት። ልጁ ክርስቲያን፣ ልጅቱ እስላም መሆናቸው ራሱን የቻለ ጣጣ ቢኖረውም፣ አገሩ ወሎ ነውና ከአንድ ጣሪያ ስር አንዱ «ቢስሚላህ» ሌላው «በስመ አብ» ብሎ የሚነሳበት ቤት ሞልቷል። ሙሀመድሰይድን ይበልጥ የከነከነው የልጁ ባዶ እጅ መሆን ነበር። አባትየውም ሰሞኑን ረገበና፣ «እንግዲህ ሽማግሌ ይላክና እንስማው» አለ። ሽማግሌዎቹ ከመጪው ጁምዓ ሶላት በኋላ ሊመጡ ተቀጥረዋል።

አረንጓዴውን ሻሿን የገዛላት ተስፋይ ነው፤ ያውም ከገዛ አባቷ ሱቅ። ሙሀመድሰይድ «ለእናትህ ነው?» ብሎ መርቆ ሸጠለት። ተስፋይ ላቡ እየተንጠፈጠፈ «አዎ» አለ። ለኡሙሃኒ ሲሰጣት ግን ምላሱ ተፈታ። «ከዚህ ሻሽ ስር ያለውን ፀጉር የማየው ባልሽ የሆንኩ ዕለት ነው። እስከዚያ ነፋስ እንኳ ቢገልጠው ዓይኔን እጨፍናለሁ» አላት። እንዳለውም አንድ የገበያ ቀን ነፋስ የሻሿን ጫፍ አነሳው። ጨፈነ! ጨፍኖ ሲራመድም ጨው ከጫነ የአፋር ግመል ሆድ ጋር ተላተመ። ግመሉ አጓራበት፤ ባለግመሉም በቋንቋው የቻለውን ያህል ሰደበው። ኡሙሃኒ ያን ቀን ባሰበች ቁጥር ብቻዋን ትስቃለች። እንዲያ ያስወደዳት ያ የተጨፈነ ዓይኑ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሆርማት ወንዝ ደረቅ አሸዋ ዳር ተገናኙ።

«እንዴት አስችሎህ አነበብከው?» አለችው፣ ገና ሳይቀመጥ።

«እኔ ባላነበው ሌላ ሰው ያነበዋል።»

«ታዲያ ሌላው ያንብበዋ! ያንተ አፍ ለዚያ ነው የተፈጠረው?»

«ኡሚዬ፣ ስሚኝ። የአንድ ቀን ነገር ነው። ኮሚቴው ፎቶውን ያነሳል፣ ይሄዳል። ሰውየው ደግሞ ደሴ ቢሮ ሊያስገባኝ ቃል ገብቷል። አባትሽ ባዶ እጁን መጣ እንዳይለኝ...»

«አባቴን ተወው። እመት ሀሊሜን አታያትም? ከሮቢት የመጣችውን? ያቺን ሴት ራስሽን ግለጪ ብሎ ከማዘዝ በጥፊ መምታት ይሻላል እኮ። እኔንስ ቢሆን? እዚያ ሁሉ ወንድ ፊት?»

ተስፋይ አሸዋውን በጣቱ ጫረ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ በዚያ ደረቅ አገር ውሃ ያለበት የሚመስለውን ዓይኑን ዓይኗ ላይ አሳረፈ። «አብሽሪ። ነገ እኔ አለሁ» አላት።

የወደደችው ሰው «እኔ አለሁ» ያላት ሴት ሌላ ማስረጃ አትጠይቅም። ኡሙሃኒ የሰማችው «ከፊትሽ እቆማለሁ» የሚል ነበር። እሱ ያለው ደግሞ «እንደምንም ትወጪዋለሽ፣ ቀኑም ያልፋል» ነበር። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ተለያዩ። እሷ ወደ ቤቷ ስትመለስ እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር፤ በዚያ የሰው ሬሳ ከመንገድ ዳር በሚነሳበት ወር መደሰቷም አሳፈራት።

* * *

በማግስቱ ዘበኞቹ በሩ ላይ ጆንያ ዘርግተው ቆሙ። ኡሙሃኒ ወተቱን ልታማስል ገና ሳይነጋ ገብታ ነበርና ሻሿን ያስወለቃት የለም። ሴቶቹ እያወለቁ ወደ ጆንያው ይጥላሉ። ልጇ ጀርባዋ ላይ የሚያቃስት እናት ምን ታድርግ? የሚፈረድባት እሷ አይደለችም። አውልቀው ሲገቡ ግን ትከሻቸው ይሰበሰብ ነበር፤ አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ ሊቀብሩት ይፈልጉ ነበር። ወንዶቹ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። መቆም ያቃተው፣ መሬት ላይ የተዘረጋው ሳይቀር ተንፏቆ ዞረ። በዚያ ግቢ ያልዞረ ሽቶው ብቻ ነበር። እሱማ ደህና ቦታ መርጦ ቆሞ ያያል።

የእመት ሀሊሜ ተራ ደረሰ። በሮቢት ዱዓዋ የሚፈለግ፣ ሴት ምጥ ሲጠናባት የምትጠራ ዱበርቲ ነበረች። አሁን ራሷ ላይ ያለው የነጠላ ቁራጭ ነው። ግማሹን ቀድዳ መንገድ ላይ የሞተችባትን ልጇን ከፍናበታለች።

«እመት ሀሊሜ... ያውልቁ ተብሏል» አላት ዘበኛው በድረዲን፣ መሬት መሬት እያየ።

«ግማሹን ልጄ ለብሳው አፈር ገብታለች፣ የኔ ልጅ። ይችን ለኔ ተዋት። በነቢ!»

በድረዲን ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሽቶው ግን መጣ። እጁን ማቆሸሽ አልፈለገምና በከዘራው ጫፍ ጨርቁን ከራሷ ላይ አነሳው። የሞተ አይጥ እንደሚጣል ሁሉ ከራሱ አርቆ ይዞት ሄደና ከወተቱ በርሜል ስር በሚነደው እሳት ላይ ጣለው። ጨርቁ ወዲያው አልነደደም፤ መጀመሪያ ጨሰ። ጭሱ የሰው ላብና የመንገድ አቧራ እየሸተተ በወተቱ ላይ አለፈ። ኡሙሃኒ ማማሰያዋን ከወተቱ አወጣችው።

የአሮጊቷ ራስ ረሃብ የመለጠው፣ ሽበቱ እዚህም እዚያም የቀረ ነበር። እመት ሀሊሜ ሁለት እጆቿን አንስታ ሸፈነችው።

«ይኸው! ምን ጎደለብሽ?» አላት ሽቶው። «በይ ስንዴሽን ተቀበይ።»

አልተቀበለችም። በምን እጇ ትቀበል? ጣሳዋ እግሯ ስር ወድቋል፤ ሁለቱም እጆቿ ራሷ ላይ ናቸው። ከወዲያ ስንዴ፣ ከወዲህ ራሷ፤ እሷም መሃል ላይ ቆማ ቀረች። ሽቶው ሳቀ። ሲስቅ መሐረቡ ከአፍንጫው ወረደ፤ ከእንቁላሉ አስኳል ጢሙ ላይ የቀረ ነገር ታየ።

ኡሙሃኒ ማማሰያውን ጣለች። በሰዉ መሃል አልፋ ወደ መጋዘኑ በር ሄደች። ደፉ ጋ ስትደርስ ሁለት እጆቿን ወደ አንገቷ ሰደደች፤ የአረንጓዴውን ሻሽ ቋጠሮ ፈታችው። ሹሩባዋ ትከሻዋ ላይ ወረደ። ሻሹን በሙሉ ስፋቱ ደፉ ላይ አነጠፈችው።

ነፋሱ የጭንቅላቷን ቆዳ ሲነካው የማታውቀው እጅ የዳሰሳት ያህል ሰቀጠጣት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያሻል። በራያ ቆላ ሴት መከናነቢያዋን ራሷ ፈትታ ከወንድ እግር ስር ካነጠፈች፣ ጦር የሰበቀ ጦሩን ያወርዳል፤ ደም ሊመልስ የመጣም ይቆማል። የተነጠፈለት ወንድ ጎንበስ ብሎ ያነሳውና ለባለቤቷ ያለብሳታል። ያኔ የለመነችው ተፈጸመላት ማለት ነው። የሚሻገረው ወንድ ግን ከሰው ማዕድ ይወጣል። እስላም ክርስቲያን ሳይል ሁሉም የሚያውቀው ወግ ነው። ሽቶው ብቻ አያውቀውም። ሻሽ አውልቁ ብሎ ያዘዘው ሰው፣ ከዚያ ሁሉ ሻሽ በላይ የሚከብደውን አንዱን አስፈታው።

«የእመት ሀሊሜ ራስ ሳይሸፈን ከዚህ በር ስንዴ አይወጣም» አለች ኡሙሃኒ።

ዘበኞቹ ዱላቸውን አወረዱ። ጆንያ ሊያወጡ የነበሩት ሠራተኞች ከደፉ ራቁ። ስፈራው ቆመ።

«ምንድን ነው ይሄ ደግሞ?» አለ ሽቶው። «ጨርቅ እኮ ነው! ኮሚቴው ሮቢትን አልፏል፣ መጣ! ተስፋይ! ቁልፉ አንተ ጋ አይደለም እንዴ? ግባና የውስጡን በር ክፈት!» ከዚያ ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የደሴውን ነገር አስብበት።»

ተስፋይ መጣ። ኡሙሃኒ እርምጃውን በዓይኗ ተከተለችው። ማታ «እኔ አለሁ» ያላት ሰው ነው። አሁን ጎንበስ ይላል፤ ሻሹን ያነሳል፤ ዓይኑን እንደዚያ ቀን ይጨፍንና በዳበሳ ያለብሳታል። ግመል ቢላተምም ይላተም። ቆቦ በሙሉ ያያል። ከዚያ በኋላ ሽማግሌም ባይልክ ችግር የለም፣ በነጋታው ተከትላው ትሄዳለች።

ተስፋይ ደፉ ጋ ሲደርስ ቀና አለ። አያት። ፀጉሯን አየ። ዓይኑን አልጨፈነም።

«ኡሚ» አለ። «ልጆቹ እኮ ርቧቸዋል።»

«አንሳው» አለችው። ሌላ ቃል አልወጣላትም። «ተስፋይ፣ አንሳው።»

የሱሪውን ጫፍ በሁለት ጣቱ ሰብሰብ አደረገ። ሻሹን እንዳይነካው ተጠንቅቆ፣ ጭቃ እንደሚሻገር ሰው እግሩን አነሳ። ተሻገረ። ቁልፉ በውስጠኛው በር ላይ ሲዞር ተሰማ።

ከሴቶቹ መሃል አንዷ «ያረቢ!» አለች። በድረዲን ዱላውን መሬት ላይ ጣለና ወደ ኋላው ሳይዞር ከግቢው ወጣ።

ኡሙሃኒ እንባ ጠበቀች፤ አልመጣም። ንዴትም ጠበቀች። የመጣው ግን ሌላ ነው፤ ግማሹን ከበሉት በኋላ ትል ያዩበት ምግብ የሚያመጣው ስሜት ነው። ተጸየፈችው። ያ የተጠነቀቀ እግሩ፣ ያ ሱሪውን የሰበሰበ ጣቱ! ረግጦት ቢያልፍ እንኳ ይሻል ነበር።

ኮሚቴው መጣ። ከጥላው ሳይወጣ ራሳቸውን የገለጡትን ሴቶች ከነስንዴያቸው ፎቶ አስነሳና ምሳው ሳይቀዘቅዝ ወደ ደቡብ ተመለሰ። አቧራው ሳይረግፍ ሽቶው «በቃ፣ ዝጋው» አለ። ከሰልፉ ግማሹ ገና አልተሰፈረለትም ነበር። ተስፋይም መጋዘኑን ዘጋው።

* * *

እመት ሀሊሜ በነጋታው ረፋድ ላይ ሞተች። ከዚያ ስንዴ አንዲት ፍሬ አልቀመሰችም።

ሙሀመድሰይድ ሱቁን አገላብጦ የቀረችውን አቡጀዲ ይዞ መጣ። ነጭ ጨርቅ ከሱቁ ካለቀ ሰንብቷል፤ ሁሉም ለከፈን ሄዷል። ያቺም ብትሆን ገላዋን እንጂ ራሷን አልበቃችም። የሴት ከፈን ደግሞ ለራስ የሚሆን መሸፈኛ ይፈልጋል። ሬሳ አጣቢዋ መይሙና ከድንኳኑ ብቅ ብላ፣ «በቁሟ የገለጧትን ሴት እኛም ገልጠን እንላካት?» ብላ አለቀሰች። ኡሙሃኒ የአባቷን ጋቢ ተከናንባ ቆማለች። የአባቷን ጋቢ ቀድዳ ልትሰጥ እጇን ስትሰነዝር ተስፋይን አየችው።

ሻሹን ከደፉ አንስቶ፣ አጥቦ፣ ተኩሶ፣ አጥፎ በሁለት እጁ ይዞታል። ፊቱ በአንድ ሌሊት ከስቷል። ማየቱ አሳዘናት፤ ማዘኗም አናደዳት።

«አጥቤዋለሁ» አለ።

«ከምኑ?»

«ኡሚ፣ በሞቴ ስሚኝ። ለልጆቹ ብዬ ነው።»

«ኮሚቴው ሲሄድ መጋዘኑን የዘጋው ማን ነው?»

«ትእዛዝ ነው... እሺ፣ ለልጆቹ አይደለም። ለኛ ብዬ ነው። ደሴ ብገባ፣ ቤት ቢኖረን፣ አባትሽም...»

«ለኛ አትበል!» አለች። ከሁሉ ያንገሸገሻት ይህ ነበር፤ ፍቅራቸውን እዚያ ነገር ውስጥ ነክሮ ማምጣቱ። «እኔን እዚያ ውስጥ አትክተተኝ። ቤት ጠየቅሁህ? ደሴ አልኩህ? ጎንበስ በል ነው ያልኩህ። አንድ ጊዜ ጎንበስ ማለት ነበር፣ ተስፋይ!»

«ፈራሁ» አለ። የዚያን ቀን የተናገረው እውነት እሱ ብቻ ነበር።

ኡሙሃኒ እጇን ዘርግታ ሻሹን ተቀበለችው። የተስፋይ ፊት በራ። ይቅር ያለችው መስሎት ወደፊት አንድ እርምጃ ተራመደ። እሷ ግን ዞረችና አረንጓዴውን ሻሽ ለመይሙና አቀበለቻት።

«ይኸው» አለቻት። «ለእመት ሀሊሜ ራስ።»

መይሙና ሻሹን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ ድንኳኑ ገባች። ተስፋይ ባዶ እጆቹን እንደዘረጋ ቀረ።

«ሽማግሌዎቹስ?» አለ፣ ሊሰማ በማይችል ድምፅ።

«ፀጉርሽን የማየው ባልሽ የሆንኩ ዕለት ነው ብለኸኝ ነበር» አለችው። «አየኸው። ከእንግዲህ ከኔ የምታየው የለህም።»

ጀናዛው ወጣ። ወንዶቹ እየተቀባበሉ ተሸከሙት፤ በድረዲን ከፊት ነበር። ተስፋይም ከኋላ ገብቶ ትከሻውን ከቃሬዛው ስር አደረገ። የሬሳ ሸክም ለማንም አይከለከልምና ማንም አልከለከለውም፤ ከጎኑ የነበረው ሰው ግን ትከሻውን አውጥቶ ወደ ሌላው ወገን ዞረ። ሴቶቹ እንደ ወጉ ከአጥሩ ውስጥ ቀሩ።

ኡሙሃኒ ላለማየት ፊቷን ወደ አጥሩ መለሰች፤ የአባቷን ጋቢ እስከ ቅንድቧ ሳበችው። ሰዉ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» እያለ በጀርባዋ በኩል አለፈ፤ እግሩ የደረቀውን አፈር እያንኮሻኮሸ ወደ ሆርማት ወረደ። «ያስጠላኛል» አለች ለራሷ። እውነቷን ነው፤ ያስጠላት ነበር። ከሁሉ ይልቅ ያስጠላት ግን ከዚያ ሁሉ የእግር ኮቴ መሃል የእሱን ለይታ መስማቷ፣ እስኪርቅም ድረስ በጆሮዋ መከተሏ ነበር።